ከሰፌድ የወደቀ ጓሮ

ዶሮዎቹ ባይሞቱ ኖሮ ጓሮው አይበቅልም ነበር።

ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ዘመነች ከሰፌዷ የሚራገፈውን እብቅና ግርድ ስትደፋ የኖረችበት አንድ ቦታ አለ። ዶሮዎቿ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ሲጭሩ ይውሉ ስለነበር አንዲት ፍሬ እንኳ መሬት ነክታ አታድርም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ፈንግል ገባና ጨረሳቸው። ከዚያ ሰኔ መጣ፣ ዝናቡ ጣለ፤ ሐምሌ ሲጋመስ አንድ ቀን ጠዋት ዘመነች የዕቃ እጣቢ ልትደፋ ወጥታ ሳፋዋን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

ጥጉ አረንጓዴ ሆኗል። ደግሞ አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይደለም። አንዱ ቅጠሉ እንደ ላባ የተበታተነ ነው፤ አንዱ ሦስት ሦስት ቅጠል ይዞ ብቅ ይላል፤ አንዱ ከመቅጠኑ የተነሳ ነፋስ ሳይኖርም ይወዛወዛል። ወደ ዳር ብላ ለብቻዋ የበቀለች፣ ቅጠሏ ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ አንዲት ትንሽ ተክል አለች። ከግንቡ ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ሳር መሳይ ነገር አለ። ከሁሉም ውስጥ ዘመነች በስሙ የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር፣ ሳማ። እሱንም ያወቀችው እጇን ስለለበለባት ነው።

እጇን እያከከች ቆማ አየቻቸው። ማን ዘራችሁ ልትላቸው ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ መልሱ ግን ሳትጠይቅ ገባት። የዘራቻቸው እሷ ናት። ከሰፌዷ ያልወደቀ አንድም ነገር እዚህ የለም።

ዘመነች እህል አዋቂ ናት። አባቷ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር፤ ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስላቸው ጆንያ ላይ ተኝታ የምትቀርበት ቀን ብዙ ነው። አግብታ ቤቴል ከገባች ጀምሮ የምትተዳደረው በባልትና ነው። በርበሬ ታዘጋጃለች፣ ሽሮ ትቀምማለች። ሰው ከሩቅ የሚመጣላት ግን ለለቀማዋ ነው። ስንዴም ይሁን ምስር ወይም ጥቁር አዝሙድ፣ በእሷ ሰፌድ ካለፈ ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ ወፍጮ ቤት ይልከዋል። የሰፈሩ ሴቶች ዘመነች ጠጠሩን ከምስሩ በድምፁ ትለየዋለች ይላሉ፤ እሷም ነገሩን አስተባብላ አታውቅም።

እርሻ ግን አይታ አታውቅም። ሰበታ ሰርግ ተጠርታ ስትሄድ በመኪናው መስኮት ያለፈው አረንጓዴ ሁሉ ምን እንደነበር አልጠየቀችም። እህል ለእሷ ከጆንያ የሚጀምር ነገር ነው። ከጆንያው በፊት ቅጠል እንደነበረው፣ አበባ እንደነበረው፣ በዝናብ እንደተመታ አስባ አታውቅም ነበር። አሁን ጥጉ ላይ ቆማ አሰበች፤ ቶሎም መውጣት አልቻለችም።

የሐምሌው መገረም ሲበርድላት ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ። ግንቦት ላይ የሆነ ነገር ነው።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ የምትኖር ሩሃማ የምትባል ደንበኛ አለቻት። ሩሃማ ከተዳረችበት ጊዜ ጀምሮ ለቤቷ የሚሆን እህል በሌላ እጅ አስለቅማ አታውቅም። ግንቦት ላይ ለልጇ ልደት ዳቦ የሚሆን ስንዴ አምጥታ ነበር፤ ዘመነች ለቅማ ሰጠቻት። ልደቱ ባለፈ ማግስት ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ትሕትና የተሞላ ነበር።

«እትዬ ዘመነች፣ እንዳይቀየሙኝ። ዳቦውን ከበሉት አንዳንዶቹ ራሳችንን አዞረን አሉ። ምናልባት እንክርዳድ አልፎ ይሆን?»

እንክርዳድ ስንዴ መሀል የሚበቅል አረም ነው። ፍሬው ከስንዴው ጋር ከተፈጨ የበላውን ያዞራል፣ ያሰክራል። ለቃሚ የሚፈለገው ከምንም በላይ ለእሱ ነው። ሩሃማ ብትቆጣ፣ እንዲያውም ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ያቺ «ምናልባት» ግን ገብታ ተቀመጠች። ዘመነች ከጥቂት ወራት ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እያስቸገራት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ስልኩን ዘግታ ሰፌዷን ከበረንዳው ግድግዳ ላይ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ሥራ ይዞ ለመጣ ሁሉ ወገቤን አሞኛል አለች። ለባሏም እንደዚያው አለችው። ሩሃማ ተመልሳ አልደወለችም።

አሁን ከግንቡ ሥር ከቆመው ሳር ዓይኗን መንቀል ያቃታት በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ የበቀለው የጣለችው ነው። ያ ሳር እንክርዳድ ከሆነ ዓይኗ ሥራውን ሲሠራ ከርሟል ማለት ነው። ስንዴ ከሆነ ግን ጥሩውን ስትጥል፣ መጥፎውን ስታሳልፍ ነው የከረመችው። እናም ሰፌዱ ከሚስማሩ አይወርድም።

ችግሩ ሁለቱም በቅጠላቸው ምን እንደሚመስሉ አለማወቋ ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ስለ እንክርዳድ የተሰበከውን ስብከት ሁሉ ሰምታለች። በቅጠሉ ያየው ሰባኪ ግን ያጋጠማት አልመሰላትም።

በመጀመሪያ የጠየቀችው ልጇን ማራናታን ነው። ማራናታ ኮሌጅ የምትማር፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ ልጅ ናት። ተክል በፎቶ የሚለይ አፕ አለ ብላ በዝናብ መሀል ጃንጥላ ይዛ ወጣችና አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ሳማውን በትክክል አወቀው። ባለ ላባውን ረጅም የፈረንጅ ስም ሰጠው፤ እናትና ልጅ ስሙን ለማንበብ ሞክረው ሲሳሳቁ ተዉት። በምታጣብቀዋ ላይ ስልኩ ሲያስብ ቆየና እንደገና ይሞክሩ አለ። በመጨረሻ ማራናታ ከግንቡ ሥር ጎንበስ ብላ ሳሩን አነሳች።

«ማሚ፣ ሳር ነው ይላል።»

«እሱንማ በግም ያውቀዋል» አለች ዘመነች።

ባሏ ዳኛቸው አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዶማ ይዞ ብቅ አለ። ጥቅምት ላይ የቤት ኅብረቱ ተራ የእነሱ ነው፤ ጸሎቱ ግቢው ውስጥ ስለሚሆን ጓሮው ካልጸዳ ሰው መቀመጫ ያጣል። በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ አላት። ዘመነች ዶማውን ከእጁ ወስዳ ግንቡ ላይ አስደገፈችው።

«ትንሽ ይቆይ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ማን ማን እንደሆኑ ልወቅ።»

ዳኛቸው ሚስቱን አየ፣ ሳሩን አየ። «መታወቂያ ጠይቂያቸዋ» አለና እየሳቀ ገባ። ዶማውን ግን እዚያው ተወላት።

እሷ መታወቂያ መጠየቂያ አላጣችም። የዘይትና የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሰብስባ፣ ሥራቸውን በሚስማር በሳች፣ አፈር ሞላችባቸው። ከጓዳ ደግሞ የምታውቃቸውን ፍሬዎች አመጣች፤ አብሽ፣ ተልባ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ስንዴ። እያንዳንዱን በየጣሳው ዘራችና ዶፉ እንዳያጥባቸው በረንዳው ላይ፣ ስትለቅም ከምትቀመጥባት ዱካ አጠገብ ደረደረቻቸው። ፍሬውን አውቃለሁ፣ ከፍሬው የሚወጣውን ቅጠል አያለሁ፣ ከጥጉ ጋር አስተያየዋለሁ ነው ነገሩ። እንክርዳድ ልትዘራ ፈልጋ ግን ቤቱን ሁሉ ብታገላብጥ አንዲት ፍሬ አላገኘችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጥለው የኖረችውን ነገር ፈልጋ ማጣቷ አሳቃት።

ጣሳዎቹ በቀሉ። ያው መብቀል ከተባለ። ቀጫጭን፣ ገረጣ ያሉ፣ አንገታቸውን አስግገው ሁሉም ወደ ግቢው በር ያዘነበሉ። ዘመነች ተጣመሙ ብላ ጣሳዎቹን አዞረቻቸው። በሁለተኛው ቀን እንደገና ዞረው ወደ በሩ ሲያዩ አገኘቻቸው። እንግዳ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት ብላ ለማራናታ አወራቻት፤ ከዚያ በላይ አላሰበችበትም።

እንዲያም ሆነው ግን ምስክርነታቸውን ሰጡ። መጀመሪያ ስሙን የተናገረው አብሽ ነው። ጣሳው ላይ የወጣው ቅጠል ሦስት ሦስት ነበር። ዘመነች ወደ ጥጉ ሄዳ ከዚያኛው ባለ ሦስት ቅጠል አንዱን ቀጥፋ በጣቷ ፈተገችው። ሽታው ጓዳዋን አመጣላት። ያንን ጠንካራ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ቢጫ ፍሬ ስንት ዓመት ስትነካ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ለስላሳ ቅጠል ነበረው ለካ። የብዙ ዘመን ወዳጅን እናቱ ቤት ሄዶ ልጅ ሆኖ እንደማግኘት ነበር። ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዘው ተልባ ሆኖ ተገኘ። ድንብላሉን ለማወቅ ማሽተት በቃት። በጣሳው የዘራችው ጥቁር አዝሙድ ዘግይቶ ብቅ አለ፤ ሲወጣ ግን ባለ ላባው እሱ ነበር። ዘመነች ጣሳውን ይዛ ጥጉ ድረስ ሄደች፤ አንዱን ከአንዱ አስጠግታ ደጋግማ አየች። እንዲህ ያለ ጥቁር፣ ደረቅ ፍሬ እንዲህ ያለ ላባ ይወጣዋል ብሎ ማን ያምናል?

የስንዴው ጣሳ ግን አልጠቀማትም። ጣሳው ላይ የበቀለው ከቢጫነቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ከግንቡ ሥር ካለው ወፍራም ሳር ጋር ሊነጻጸር አልቻለም። አንድም ይመስላል፣ አንድም አይመስልም።

ከግንቡ ወዲያ ማዶ ጋሽ ነገሬ ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከሆለታ አካባቢ ለጥበቃ ሥራ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጥቂት በጎች የሚያረቡ ሰው ናቸው። ዘመነች ጠራቻቸው። በግንቡ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ሳሩን አዩት፤ አንድ ቅጠል አስቀጥፈው አዩት፤ በጥርሳቸውም ሞከሩት።

«ይሄማ ቀመዲ ነው» አሉ በቋንቋቸው። ስንዴ ማለታቸው ነው።

ዘመነች ደህና ይደሩ ብላ ገባች። ያን ማታ ራት አልበላችም።

በማግስቱ ጋሽ ነገሬ ራሳቸው ተጣሩ። ትናንት ያሉትን እንድትተወው ነገሯት፤ ሲያስቡበት ሲናር የሚባለው አረም መስሏቸዋል። ከሰዓት ደግሞ እንደገና ብቅ አሉ። «እኔ ከእርሻ የወጣሁት ጢሜ ሳይበቅል ነው። ዝም ብለሽ በጉን ጠይቂ» አሏት። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ተናገሩ። «ዛላ እስኪያወጣ ጠብቂ። ቅጠል ይመሳሰላል፤ ዛላ ሲወጣ ግን አይደበቅም።»

ዘመነች መጠበቅ ትችላለች። ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያ ሥራዋ ወደ ጥጉ መሄድ ሆነ። ቅጠሉን ገልጣ እንቡጡን ታያለች፣ ዝናብ ያጋደመውን በእንጨት ትደግፋለች፣ አበባ ላይ ለሚያርፈው ንብ መንገድ ትለቃለች። ማን እንደሆነ ያላወቀችውን ደህና አደርክ ማለት ጀምራ ነበር። ይህን ማራናታ ሰምታታለች።

ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የጋሽ ነገሬ በግ ጥጉ ውስጥ ቆሟል። ግንቡ ሥር አፈሩ በዝናብ ታጥቦ በተከፈተ ቀዳዳ ሾልኮ ነው የገባው። ሳሩን ከጫፍ ጀምሮ እኩሌታውን ግጦት፣ አፉ ሙሉ እያመነዠከ ዘመነችን ቀና ብሎ አያት። እሷ በሰንበት ልብሷ፣ በጫማዋ፣ ጭቃው ውስጥ ገብታ ገፈተረችው። ጋሽ ነገሬ በበሩ ዞረው መጡ። አፍረው ቆሙ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጠይቂው ብዬሽ ነበር። እሱ ደግሞ መልሱን በላው።»

ዘመነች ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ዳኛቸው አንድ ቀን እጠግነዋለሁ ብሎ ያመጣውን የተሰነጠቀ ባኞ በጎኑ አቁሞ ቀዳዳውን ዘጋላት። የቀረውን ሳር በቆርቆሮ ከለለችው።

መስከረም ጠባ። ጥጉ አበበ። ተልባው ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ትንንሽ አበባ ያወጣና እኩለ ቀን ላይ ይረግፋል፤ በማግስቱ ደግሞ አዲስ ያወጣል። ጥቁር አዝሙዱ ሲፈካ ዘመነች ማራናታን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ አመጣቻት። አበባው ነጭ ነው እንዳይባል ሰማያዊ አለበት፣ ሰማያዊ ነው እንዳይባል ነጭ ነው። መሀሉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ዘውድ ተቀምጦበታል፤ ዙሪያውን ላባ መሳይ ቅጠሉ ከቦታል። ሁለቱም ቁጢጥ ብለው አዩት።

«ዳቦ ላይ የምትነሰንሺው ይሄ ነው?» አለች ማራናታ።

«እሱ ነው።»

«እና እስከ ዛሬ አታውቂውም?»

«የት አገናኝቶን።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳሩ ዛላ አወጣ። ጠዋት ነበር፤ ጤዛው አልረገፈም። ዘመነች ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጋ ስታይ ሁለት ዓይነት ራስ አገኘች። ጥቂቶቹ ወፍራም፣ ፍሬያቸው ተጠጋግቶ የተደረደረ፣ ጢማቸው ወደ ላይ የቆመ። ብዙዎቹ፣ በጣም ብዙዎቹ ግን ቀጫጭን ናቸው። ፍሬያቸው አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ በየመሀሉ ክፍተት እየተወ አገዳው ላይ ተጣብቋል፤ ሠሪዋ መሀል ላይ ትታው እንደሄደች ሹሩባ። አንዱን ቀጥፋ ያልበሰለውን ፍሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ፈለፈለችው። ዓይኗ ገና ሳይወስን ጣቷ አወቀው። ያ ቀጭን፣ ቀላል፣ ልብሱን አላወልቅም የሚል ፍሬ። እንክርዳድ ነው።

ስትጥል የኖረችው እንክርዳድ ነው።

ማታ ለዳኛቸው ሁሉንም ነገረችው። የሩሃማን ስልክ፣ መርፌውን፣ ሳሩን ለምን እንደጠበቀችው፣ ሁሉንም። ዳኛቸው እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ወገቤ ነው ያልሽኝስ?»

«ወገቤ ደህና ነው።»

«እኔ እኮ ክረምቱን ሙሉ ወገብሽን ሳሽ ከረምኩ።»

«እሱስ ባይቀር ደስ ይለኛል» አለች።

ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱ ኮስተር አለና እሷ ቀኑን ሙሉ ስትሸሸው የዋለችውን ጥያቄ አወጣው። ይሄ የሚያሳየው የጣልሽውን ነው፤ ያሳለፍሽውንስ በምን እናውቃለን አላት። የጣለችው ሁሉ ጥጉ ላይ ቆሟል፤ ያሳለፈችው ግን ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተበልቶ አልቋል። ዳኛቸው ጥቂት አሰበና እጁን በጉልበቱ ላይ መታ አደረገ።

«እኛ ጋ ፍሬኑ የተሠራ መኪና ለባለቤቱ አይሰጥም፣ አንድ ዙር ሳይነዳ። መካኒኩ ማንም ይሁን። አንቺም ሞክሪያ።»

መሞከሪያው ደግሞ በእጇ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ቆሞ እየበሰለ ነው።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ የቤት ኅብረቱ ተራ ሲደርስ ጥጉ አልጸዳም ነበር። ወንበር በረንዳው ላይና በሩ ጋ ተጨናንቆ ተደረደረ። ከጸሎቱ በኋላ አንዲት እህት ባኞው ምን እንደሚጠብቅ ጠየቀች፤ ማራናታም እንክርዳድ ነው አለች። ወሬው ወንበር ለወንበር ሄደ። የኅብረቱ መሪ ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩትን ነገር ከበው ቆሙ።

«እኔ ክፉ ነገር ይመስለኝ ነበር» አለ መሪው። «ያምራል እኮ።»

ኅዳር ላይ ሳሩ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ዘመነች እንክርዳዱን አጭዳ፣ በጨርቅ ላይ ወቅታ ፍሬውን አወጣች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰፌዱን ከሚስማሩ አወረደችው። ጨርቅ አረጠበችና አቧራውን ጠረገችለት። ዳኛቸው ንጹሕ ስንዴ ወስዶ ጓዳ ገባ፤ ምን ያህል እንክርዳድ እንደሚቀላቅል ለራሱ ብቻ ይዞ ቀላቅሎ አመጣላት። በረንዳዋ ላይ፣ ዱካዋ ላይ፣ እንደ ዱሮዋ ተቀመጠች። አንተረተረች፣ አበጠረች፣ ለቀመች። እጇ አልረሳም። ስትጨርስ ሰፌዱን ለማራናታ ሰጠቻት፤ ማራናታ ወደ ግቢው በር ወስዳ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቷ እየገፋች አየች። ቆየች። አቀርቅራ ቆየች።

ያለፉት እንክርዳዶች ጥቂት ነበሩ። ጥቂት ግን ዳቦ ያበላሻል።

ዳኛቸው ይህን ሐሳብ ባላመጣሁት ኖሮ የሚል ፊት ነበረው። ዘመነች ዓይኗን ከሰፌዱ አነሳች፤ የምታርፍበት ስታጣ ጣሳዎቹ ላይ አረፈች። ከክረምት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር አዝሙድ ጉልበቷ ድረስ ደርሶ፣ አብቦ፣ ፍሬውን ቋጥሮ ደርቋል። የጣሳው ጥቁር አዝሙድ ግን ያው በዚያው ዘር፣ በዚያው ክረምት የበቀለ ሆኖ ከስንዝር አላለፈም፤ እንደ ክር ቀጥኖ፣ አንገቱን ወደ በሩ አስግጎ ደርቆ ቀርቷል። ሁሉም ወደዚያው አስግገዋል።

«ዳኛቸው፣ እነዚህ ወደ በሩ የሚያዩት ለምን ይመስልሃል?»

«ብርሃን ፈልገው ነዋ።»

ዘመነች ቀና አለች። አምና ከጎናቸው ፎቅ ተጀምሮ ነበር። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ከዚያ አንደኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲወጣ አቧራውንና ድምፁን አማረዋል እንጂ ሌላ ነገር ልብ አላሉም። አሁን ግድግዳው ከበረንዳው በላይ ቆሞ ነበር። ጥላው ከዱካዋ ጀምሮ ጣሳዎቹን አልፎ እስከ ግቢው መሀል ተዘርግቷል። ተክሎቹ ይህን በሐምሌ ነግረዋታል። እሷ ተጣመሙ ብላ ጣሳ ስታዞር ነበር።

ዱካዋን አነሳች። ሰፌዱን በሌላ እጇ ይዛ ከማድ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ጥጉ በፀሐይ ተሞልቷል። ሳሩ በታጨደበት ባዶ ቦታ ላይ ዱካዋን አደላድላ ተቀመጠችና ዳኛቸውን እንደገና ቀላቅል አለችው።

ይህን ጊዜ ፍሬው ሁሉ ጥላ ነበረው። እያንዳንዱ እንክርዳድ ከስንዴው አጠገብ ለብቻው ቀጥኖ ይታያል። ዓይኗ አርጅቷል፤ ያንን ሰፌዱ ላይም አወቀችው። ቀረብ ማለት ነበረባት፣ መዘግየትም ነበረባት። ዘገየች፣ ለቀመች። ማራናታ ተቀብላ አየች፤ ከፊት ከኋላ ገፍታ አየች።

«ማሚ፣ የለም።»

«አጥብቀሽ እይ።»

«የለም አልኩሽ።»

ዳኛቸው ማንም ሳያዘው ለሦስተኛ ጊዜ ቀላቅሎ አመጣ። እንደገናም አልተገኘም።

ዘመነች ሰኞ ለሩሃማ ደወለች። ከሰላምታው በኋላ ነገሩን አላዞረችም።

«ያኔ እንክርዳድ አልፏል። ምናልባት አይደለም፣ አልፏል። ብርሃን የሌለበት ቦታ ተቀምጬ ነው የለቀምኩልሽ፤ እኔም ሳላውቅ። አሁን ቦታ ቀይሬያለሁ።»

ሩሃማ እሺ እትዬ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ዘመነች ይህ እሺ ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። በሳምንቱ መጨረሻ ሩሃማ በሩን አንኳኳች። ስንዴ በከረጢት ይዛለች፤ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ለመስጠትም ለመመለስም ገና ያልወሰነች ትመስል ነበር። ዘመነች ወደ በረንዳው አላስገባቻትም። ወደ ጥጉ ወሰደቻት።

ሩሃማ ዱካውን አየች፣ ፀሐዩን አየች። ከዚያ ዱካው አጠገብ የቆመውን ደረቅ ላባ መሳይ ተክል አይታ ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ዘመነች ከጫፉ አንዱን ቀንድ ያወጣ ቋጠሮ ሰብራ በሩሃማ መዳፍ ላይ ፈረፈረችው። ጥቁር ፍሬ ረገፈ። ሩሃማ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጥቁር አዝሙድ? እዚህ?»

«ከሰፌድ ወድቆ ነው» አለች ዘመነች።

ሩሃማ ጎንበስ ብላ ተክሉን ከሥር እስከ ጫፍ አየችው። ከዚያ ስለ ደረቀው አብሽ ጠየቀች፤ ተነገራት። ስለ ተልባው ጠየቀች፤ ተነገራት። መቼ እንደሆነ ሁለቱም ልብ ሳይሉት የስንዴው ከረጢት ከእጇ ወርዶ ዱካው አጠገብ ተቀምጧል። ዘመነች ሰፌዷን ጭኗ ላይ አደረገችና ከከረጢቱ የመጀመሪያውን እፍኝ አወጣች።

«እሷስ?» አለች ሩሃማ፣ ወደ ዳር ለብቻዋ ወደቆመችው፣ ቅጠሏ እጅ ላይ ወደሚጣበቀው እየጠቆመች።

ዘመነች ቀና ብላ አየቻት። ስልኩም፣ ጋሽ ነገሬም፣ በጉም ያላወቋት እሷን ነው። ኅዳር ገብቶ እንኳ ገና አረንጓዴ ናት።

«እሷን ገና አላወቅኳትም» አለች። «ፍሬዋን አላሳየችኝም።»

ሰፌዱን ወደ ፀሐዩ አዘነበለችና ስንዴውን በጣቷ በተነችው።